ድፍድፉ ይቅደም፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጠላ በቅልቅል መጠጥ ታሪክ ውስጥ

ጃፓኖች ከሩዝ የሚጠምቁት ሳኬ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች ቡና ቤቶች ከሎሚ፣ ከዝንጅብል፣ ከኪያርና ከጂን ጋር እየተዋሐደ በኮክቴል መልክ ይቀርባል። ከገብስ የሚጠመቀው የኛ ጠላ ግን ከዋንጫና ከጣሳ አልፎ እንዲህ ያለ ቦታ አላገኘም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠላ የድግስና የገጠር መጠጥ ስለሆነ፣ ቶሎ ስለሚሆመጥጥ፣ ጣዕሙም ከሌላ ነገር ጋር ስለማይስማማ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ዋናውን ነገር ግን ይስታል። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የጠላን ሥራ ከጥንስሱ እስከ ቅራሪው የተከታተለ ሰው ቅልቅሉ ሁሉ ዋንጫው ላይ ሳይደርስ በጋኑ ውስጥ ያለቀለት መጠጥ ያገኛል። የወፍራሙንና የቀጭኑን፣ የመራራውንና የለዘብተኛውን፣ የብርቱውንና የቀላሉን ልክ የምትወስነው ባለሙያዋ ናት፤ የምትወስነውም በድፍድፉ ነው። ጠላን ከሳኬ ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ፣ ከዚያም አልፎ ለጠላ በዘመኑ የመጠጥ ገበታ ላይ ቦታ የሚመኝ ሰው፣ ከድፍድፉ መነሳት አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

ክርክሩ የአገሩን አቀማመጥ ሳያዩ አይያዝም። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ንፋስ መውጫም 3000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስሙን በሚመስል ብርዳማ ቦታ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳና ወደ ወገዳ፣ ወደ እስቴና ወደ መካነ ኢየሱስ ሲኬድ አገሩ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ይወርዳል። ላይኛው አገር የገብስ፣ የስንዴና የድንች ነው፤ መካከሉ ጤፍ ያበቅላል፤ ታችኛው ቆላ የማሽላ አገር ነው። ጠላ በሁሉም ቦታ ይጠመቃል፤ በየቦታው የሚጠመቀው ግን የተለያየ ነው። በደጋው ብርድ ጥንስሱ ዘግይቶ ይፈላል፤ በሸለቆው ሙቀት ይቸኩላል። ደጋ ላይ የተማረችውን ልክ ቆላ ላይ የምትደግም ሴት ጠላዋ ይበላሽባታል። በዚህ አገር የጌሾውን፣ የብቅሉንና የውኃውን ልክ የሚያስተምር መጽሐፍ ኖሮ አያውቅም፤ ልኩ በእጅ፣ በአፍንጫና በምላስ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። ገብሱም ራሱ በአንድ መንገድ ብቻ የሚሄድ እህል አይደለም። የተቆላውና የተፈጨው ገብስ በውኃ ሲበጠበጥ በሶ ሆኖ መንገደኛን ያሳድራል፤ ከስኳር ጋር ሲዘጋጅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጠጣው ቀሪቦ ይሆናል፤ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ጋን ሲገባ ደግሞ ጠላ ይሆናል። ምግቡ፣ ለስላሳ መጠጡና የሚያሰክረው መጠጥ ከአንድ ምጣድ ይወጣሉ።

የጠላው ሥራ የሚጀምረው ከብቅሉ ነው። እህሉ ይነከራል፣ ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ደርቆ ይፈጫል። የጌሾው ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጠላ ገና ሳይጠነሰስ የምሬትና የጭስ ጣዕም ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ጌሾው ከውኃና ከጥቂት ብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ከቀናት በኋላ ሲነሳ ከዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ከተጨማሪ ብቅል ጋር ይገባበታል። ቀጥሎም አሻሮው ወይም እንኩሮው ይጨመርና ወፍራሙ ድፍድፍ ይሆናል። ቅደም ተከተሉና መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይገባም፤ በየደረጃው፣ የቀደመው ሲነቃ የሚከተለው እየተጨመረ ይሄዳል። ጥቁሩንና ነጩን ጠላ የሚለየው በአመዛኙ የአሻሮው አቆላል ነው፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ ገብስ ቀለሙንም የጭስ ጣዕሙንም ይሰጣል። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የጠላ ጥናት እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚፈጥሩ ባክቴሪያዎች ይህን ሥራ በየተራቸው እንደሚይዙት አሳይተዋል። የቢራ ፋብሪካ ብቅሉን በሙቅ ውኃ በጥብጦ ስኳሩን ካወጣ በኋላ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ነው እርሾ የሚጨምርበት። በጋኑ ውስጥ ግን የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠውና ስኳሩ ወደ አልኮል የሚለወጠው ጎን ለጎን ነው። ይህን ነጥብ ወደ ሳኬ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ግን ስለ ድፍድፉ እንናገር፤ የጉዳዩ ልብ እሱ ነውና። ድፍድፉ የጋኑ አፍ በጭቃ ተመርጎ ለሳምንታት መቆየት ይችላል። የበዓሉ፣ የማኅበሩ፣ የሰንበቴው ወይም የወንፈሉ ቀን ሲቀርብ ይከፈትና ውኃ ይጨመርበታል። የውኃው ልክ የሚወሰነው በሚጠጣው ሰው ነው። ለካህናቱና ለክብር እንግዳው ወፍራሙና ብርቱው ይቀዳል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ የሚወደድበት ጊዜ አለ፤ ተጣርቶ ጠንከር ያለው ፍልተር የሚቀርብበትም አለ። ቀን ሙሉ ሲያጭድ ለሚውለው ወንፈል ጉልበት የማይሰብር፣ ጥም የሚቆርጥ ጠላ ይቀጥናል። የመጀመሪያው ተቀድቶ ሲያልቅ በአተላው ላይ እንደገና ውኃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣል፤ ቅራሪውን ልጆችም ይጠጡታል። በመጨረሻ አተላው ለከብት ይሰጣል። ከአንድ ጋን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መጠጦች ለሦስት ዓይነት ጠጪዎች ይወጣሉ። በደምቢያ ቅማንቶች ዘንድ የሚታወቀው ኮረፌ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል፦ የተፈተገ ገብስ ተነክሮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ለሦስት ወራት ይቆያል፤ መጠጥ ሲፈለግ ከዚያ ጥቂቱ ተወስዶ በውኃ ይበረዝና በማግሥቱ ለመጠጣት ይደርሳል። ይህ ማለት የበረታ መነሻን አስቀምጦ እንደ ጠጪውና እንደ ጊዜው ማዘጋጀት ማለት ነው። ቡና ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ የቆመ ሰው የሚሠራውም ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በሰው ፊት መሥራቱ ብቻ ነው። ጋኑ ግን ጓዳ ውስጥ ነው፤ ባለሙያዋ ያደረገችውን የሚያይ የለም፤ ጠጪው የሚያየው የተቀዳውን ብቻ ነው። የጠላ ሙያ ያልታወቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። ይህ ጥበብ ሳይሆን ችጋር ያመጣው ማቅጠን ነው፤ እህል ሲያንስ ውኃ ይበዛል፤ ቅራሪም የድኻና የአሽከር መጠጥ ነው ሊባል ይችላል። በተቃውሞው ውስጥ ያለውን እውነት አልክድም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ፣ ውርጭና በረዶ እየተፈራረቁ የሚጎዷቸው ወረዳዎች ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መታቀፋቸውም ይህን ይመሰክራል። የአንድ ጋን ሦስት መጠጥም የማዕረግን ልዩነት ይዞ የሚወርድ ነበር፤ የላይኛው ለከበረው፣ የታችኛው ለተናቀው። ይሁን እንጂ እጥረት ያስተማረው ልክ ልክ መሆኑ አይቀርም። ጃፓንን ብናይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ማግሥት ሩዝ ሲታጣ ጠማቂዎች ሳኬውን በተጣራ አልኮል፣ በስኳርና በአሲድ እያበዙ ሦስት እጥፍ ያደርጉት ነበር። ያ መጠጥ ሳኬ ተብሎ ነበር የሚሸጠው፤ የሳኬን ስም ለረጅም ዘመን አጎደፈ። ጋይንት ውስጥ ግን ቅራሪ ቅራሪ ነው፤ ጠላ ነው ተብሎ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ቢቀርብ የቤቱን ስም የሚያሰድብ ነውር ነው። የቀጠነው የራሱ ስም፣ የራሱ ጠጪና የራሱ ሰዓት አለው። ደረጃውን በስም ለይቶ የያዘ ልማድ የማቅጠን ሥራን ወደ ሙያ ያሳደገ ልማድ ነው።

ጠላ የቅልቅል መነሻ ለመሆኑ ሌላው ማስረጃ ከመድኃኒት ይመጣል። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በጎንደርና በበጌምድር ተቀምጦ ያየውን በ1790 ሲያሳትም፣ የኮሶ ትል ለማስወጣት አንድ እፍኝ ደረቅ የኮሶ አበባ ከጤፍ በተጠመቀ ጠላ ውስጥ ሌሊቱን ነክረው ጠዋት እንደሚጠጡት ጽፏል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ የጉና ዙሪያ ሰው ጥሬ ሥጋ ወዳድ እንደሆነው እንደ ቀረው ደገኛ ሁሉ፣ ኮሶ መጠጣትን በየወራቱ የሚደጋገም የኑሮ ግዴታ አድርጎ ኖሯል። በዚያ ልማድ ውስጥ ጠላው የመራራውን መድኃኒት ምሬት የሚሸከም፣ ኃይሉንም የሚያወጣ መነሻ ነበር። አሁን ወደ ኮክቴል ታሪክ እንሻገር። ሃድሰን በተባለች የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ የሚታተም ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1806 ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ከማንኛውም ብርቱ መጠጥ፣ ከስኳር፣ ከውኃና ከመራራ ቅመም የሚዘጋጅ ነው ብሎ ነበር። ያ መራራ ቅመም ከመድኃኒት ቤት የመጣ ነው። ዛሬ በየቡና ቤቱ ጠብ የሚደረገውን አንጎስቱራን በ1824 በቬኔዙዌላ የቀመመው ጀርመናዊ ሐኪም ነበር፤ ለሆድ ሕመም መድኃኒት አድርጎ። ጃፓኖችም በአዲስ ዓመት ጠዋት ቶሶ የሚባለውን፣ የመድኃኒት ሥራ ሥርና ቅመም የተነከረበትን ሳኬ ለጤናና ለዕድሜ ይጠጣሉ፤ ልማዱ ከቻይና የመጣ ነው። በሦስቱም አገር መድኃኒቱ በመጠጡ ተሸፍኖ ወርዷል። በሁለቱ ይህ ልማድ እየቆየ የደስታ መጠጥ ወለደ። እኛ ዘንድ ግን ኮሶ በሐኪም ቤት ክኒን ሲተካ ቅልቅሉም አብሮ ተረሳ።

ምሬቱ ግን ከኮሶ ጋር አልሄደም፤ ጌሾ አለ። ከአራቱ የጥንት የኮክቴል ክፍሎች ጠጅ ሁሉንም ይዟል ማለት ይቻላል፦ የማሩ ጣፋጭ፣ ውኃው፣ የጌሾው ምሬትና መፍላቱ የሰጠው ብርታት። ጠጅ በመኳንንት ግብር፣ ጠላ በገበሬ ቤት መዋሉ የታወቀ ነው፤ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝም ከሁለቱ ጎን ቆሞ የሚያሰክር ለማይጠጡት ቀርቧል። ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን ከጠጅ ይልቅ ጠላ ነው። ጠጅ ከተጠመቀ በኋላ ልኩ የሚለዋወጥበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ጠላ ግን እስከ መቅጃው ሰዓት ድረስ የባለሙያዋን ውሳኔ ይጠብቃል።

ወደ ሳኬ ስንሄድ ተመሳሳይነቱ ከላይ ከሚታየው ይጠልቃል። የጃፓን ጠማቂ ሩዙን ፈትጎ፣ አጥቦና በእንፋሎት አብስሎ፣ ከፊሉ ላይ ኮጂ የሚባለውን ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው እኛ በብቅል የምናሠራውን ሥራ ይሠራል፤ የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። መጀመሪያ ትንሽ ጥንስስ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሩዙ፣ ኮጂውና ውኃው በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ መጠኑ እያደገ ይጨመርበታል። እርሾው በብዛት ሳይዋጥ እየበረታ እንዲሄድ ነው። ስኳር መፍጠሩና አልኮል መፍጠሩም በአንድ በርሜል ጎን ለጎን ይካሄዳል። ከባቄላ ወጥ እስከ ልብስ ድረስ ምንም የማይመሳሰሉ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ ከጉና ሥር፣ አንዱ ከእስያ ጫፍ፣ የእህል መጠጥን በደረጃ ማሳደግ የሚለውን አንድ መንገድ አግኝተዋል። ይህ መንገድ ሳኬን በእሳት ካልተነጠሩ ከአብዛኞቹ መጠጦች በላይ ያበረታዋል፤ ሲጠመቅ ከ18 እስከ 20 በመቶ አልኮል ይደርሳል። ገበያ ላይ ያለው ሳኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 16 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም በውኃ ይበረዛል። ሳይበረዝ የሚቀረው ገንሹ የሚባለው ነው። ኮክቴል የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ገንሹን ነው፤ በረዶና ጭማቂ ሲገባበት ጣዕሙ ስለማይጠፋ። በተለመደው ብርታቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚገኘውን ጠላ ከዋንጫው አንስቶ በረዶና ሎሚ ቢጨምሩበት የሚቀረው ጥላው ብቻ ነው። ይህ የጠላ ጉድለት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ቀድሞ የተበረዘን እንደገና መበረዝ ነውና። ገንሹ የሳኬ ድፍድፍ ነው ብንል ነገሩ ይቀላል። የኛም ቅልቅል መነሻው ውኃው ገና ያልገባበት መሆን ይገባዋል።

ከሩዝ ጋር ያለን ግንኙነት ሩቅ ነው እንዳይባል፣ የሩዝ ጠላ የሚጠመቅበት አገር እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ አለ። ከጉና በስተምዕራብ፣ ጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበትና ሌላ እህል የሚቸገርበት መሬት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና አካባቢ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስዘሩ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ከዚያ ይዞ ሜዳውን አለበሰው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የጃፓን መንግሥትም በልማት ትብብር ድርጅቱ በጃይካ በኩል ሥራውን ይደግፋል። የፎገራ ገበሬ ሩዙን እንጀራ ጋገረው፣ ጠላ ጠመቀው፣ አረቄም አወጣው። ጃፓኖች ሳኬ የሚያደርጉትን እህል የጎንደር ሴት ተቀብላ በብቅልና በጌሾ ወደ ራሷ መጠጥ አዞረችው፤ ሻጋታ አልፈለገችም፤ እንዴት ይጠመቃል ብላም አልጠየቀችም። ለክርክሬ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም፦ ዕውቀቱ የገብስ ቢሆን ኖሮ ሩዝ ሲመጣ በቆመ ነበር። ዕውቀቱ ግን በየደረጃው የመጠንሰስና የመመጠን ስለሆነ እህሉ ሲለወጥ እሱ አልተለወጠም። ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ከፎገራ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ ያልፋል። የሩዙ ሜዳና የገብሱ ደጋ በአንድ መንገድ የተያያዙ ናቸው።

ሌላ ተቃዋሚ ደግሞ ገበያው ፈርዷል ሊለኝ ይችላል። የሚቀመጠውና የሚጓዘው አረቄ ነው፤ የዓለም ኮክቴልም በአብዛኛው በእሳት በተነጠረ መጠጥ ይሠራል፤ በጃፓንም ቢሆን ሕዝቡ በየቀኑ ከሶዳ ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣው ሾቹ የተባለውን አረቄ እንጂ ሳኬን አይደለም። ይህ ትክክል ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው የሾቹና የሶዳ ቅልቅል ከማንኛውም የሳኬ ኮክቴል ይበልጥ ይጠጣል። ነገር ግን የዚያ ቅልቅል ጥቅሙ መነሻው መጠጥ አለመታወቁ ነው፤ ሎሚው ወይም ፍሬው ጎልቶ አረቄው እንዲደበቅ ይፈለጋል። ሳኬ የሚመረጠው ግን ራሱ እንዲታወቅ ነው። በኛ በኩል የአረቄ መንገድ ሌላም ዋጋ አለው። የቤት አረቄ በመቃ ቱቦ ሲንጠባጠብ ብዙ እንጨት ይበላል፤ የጉናና የአካባቢው ተራሮች ደግሞ ዛፋቸውን ያጡ ናቸው። ሜታኖል ካለበትም ዓይንንም ሕይወትንም ይጎዳል። ዳግም የወጣው አረቄ 45 በመቶ ገደማ ሲደርስ በድኻ ቤት የሚያደርሰውን ጥፋት የማያውቅ የገጠር ቀበሌ የለም። ድፍድፉን ወደ አረቄ ማስኬድ ጥበቡን ከጋን አውጥቶ እሳት ውስጥ መጣል ነው፤ ጌሾው፣ ጭሱ፣ የአሻሮው ጣዕም ተንኖ ይቀራል።

በከተማው ያለው ጠጪ ቅልቅልን እንደማይጠላ ደግሞ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀይ ወይንን ከኮካ ኮላ ጋር፣ ቢራን ከስፕራይት ጋር ማዋሐድ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም የተለመደ ነው፤ ቢራን፣ ወይንንና ለስላሳን በአንድ ማሰሮ የሚያገናኘው ቱርቦም የወጣቱ መጠጥ ሆኗል። በጎንደር ዳሽን ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ሲጀምርና የቢራ ሳጥን እስከ ገጠር ገበያ ሲደርስ ጠላ ቤቶች ደንበኛ አጥተዋል። ሰው ቢራውን የመረጠው በጣዕም ብቻ አልነበረም። ዛሬም ነገም፣ ደብረ ታቦርም መካነ ኢየሱስም ያው ስለሆነለት ነው። ቅልቅልም ያውነትን ይፈልጋል፤ መነሻው በየዕለቱ ከተለዋወጠ የተለካ ነገር ሊወጣው አይችልም።

እዚህ ላይ የጠላ እውነተኛ ድካም ይገለጣል፤ ከጣዕሙም ከክብሩም ሳይሆን ከዕድሜው። ውኃ የገባበት ጠላ በቀናት ውስጥ ይሆመጥጣል። ሳኬም በተፈጥሮው እንዲሁ ነበር። የናራ መነኮሳት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በያዙት የቀን መዝገብ ሳኬን ለስለስ ባለ ሙቀት አሙቆ ማቆየትን ጽፈዋል፤ ፓስተር የማሞቅን ምክንያት ከማስረዳቱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ። ሳኬን በጠርሙስ አሽጎ ባሕር ያሻገረው ይህ ሥራ ነው፤ ያለዚያ ኒው ዮርክ የሚደርሰው ኮምጣጤ ነበር። የጃፓኑ ዕውቀት ከገዳም መምጣቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ መነኮሳት ጽሕፈትም ጊዜም ነበራቸው። ታች ጋይንት ውስጥ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም አለች፤ ዜማን በምልክት ጽፎ ለትውልድ ያቆየ ትምህርት ቤት ነው። ያ ብዕር ግን የጋኑን ጓዳ አልጎበኘም፤ ጠላን ካህናቱ ይጠጡታል፣ የሚያዘጋጁት ሴቶቹ ናቸው፣ የሴቶቹ ዕውቀት ደግሞ ብራና ላይ አልወጣም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ነው ባይ ነኝ፦ በአንደኛው የጠማቂውና የጸሐፊው እጅ አንድ ነበር፣ በሌላው ተለያዩ። ስለዚህም የሳኬ ልክ በመዝገብ ተከማቸ፤ የጠላ ልክ ግን ከባለሙያዋ ጋር አብሮ ይቀበራል።

የተመረገ ድፍድፍ የዕድሜውን ችግር ግማሹን ከጥንት ጀምሮ ፈትቶታል። ወፍራም ነው፣ አየር አያገኘውም፣ ጌሾውና አሲዱ ይጠብቁታል፤ ኮረፌ ሁለትና ሦስት ወር የሚቆየው በዚህ ነው። ቀሪው ግማሽ ሥራ የተለካ ነው፦ የብቅሉንና የጌሾውን ሚዛን መመዝገብ፣ የዕቃውን ንጽሕና መጠበቅ፣ ተጣርቶ የወጣውን ወፍራም ፈሳሽ እንደ ናራ መነኮሳት ለስለስ አድርጎ አሙቆ ማሸግ፣ የአልኮሉን መጠን በመለኪያ አይቶ መጻፍ። ይህ ከሆነ የሎሚው ኮምጣጣ፣ የማሩ ጣፋጭ፣ የዝንጅብሉ ትኩስነት በላዩ የሚያርፍበት ጭስ ጭስ የሚል መራራ መነሻ ይገኛል፤ ቅራሪ በሰለጠነበት አገር ደግሞ የአልኮሉ መጠን አነስ ያለ ቅልቅል ማዘጋጀት አዲስ ትምህርት አይሆንም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእህል ነው። ክረምት ሳይወጣ ጎተራው በሚጎድልበት አገር ገብስን ለከተማ መጠጥ ማዋል እንዴት ይቻላል? ጥያቄው ለይስሙላ መልስ የሚሰጥበት አይደለም። መልሴ ይህ ነው፦ ገብሱ አሁንም ወደ መጠጥ እየሄደ ነው። ለፋብሪካ ብቅል የሚሸጠው እህል በጥሬው ከአገሩ ይወጣል፤ ሙያውም፣ አተላውም፣ ትርፉም ሌላ ቦታ ይቀራል። በጠላ ቤት የሚሸጠው ደግሞ በጣሳ ዋጋ ነው፤ የሴቲቱን የሳምንታት ድካም፣ እንጨቷንና ውኃ መቅዳቷን አይከፍልም። ድፍድፉ ተጣርቶ ቢሸጥ ከአንድ ቁና ገብስ የሚገኘው ገቢ ይበልጣል፣ አተላውም ለቤቱ ከብት ይተርፋል፤ በዚያ ገቢ ለቀለብ የሚሆን እህል ይገዛል። ገቢው ግን ከጠማቂዋ እጅ ካልገባ፣ በመሐል በገባው ነጋዴና በቡና ቤቱ ባለቤት ብቻ ከተያዘ፣ ተቃዋሚው ልክ ነው፤ እኔም ከእሱ ጋር እቆማለሁ። ጭነቱን በተመለከተ ከንፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ጠላ የሚያመላልስ ሰው በአመዛኙ የሚጭነው ውኃ ነው፤ ውኃው ባሕር ዳርም አለ። ድፍድፉ ውኃውን በደረሰበት ቦታ ያገኛል፤ ምን ያህል እንደሚገባበት ግን ጋይንት ላይ የጠነሰሰችው ሴት በጽሑፍ ልትልክ ይገባል።